ክፉው አከራይ

ጋሽ ቆጠራ አከራይ መሆኑን የተረዳው ሚስቱ በሞተች በሦስተኛው ወር ነው። ከዚያ በፊት ቤት አያከራይም ነበር ማለት አይደለም። ከግቢው ጀርባ በአንድ ጣራ ሥር የተደረደሩት ሦስት ክፍሎች ሲሠሩ ብሎኬቱን ያቀበለው፣ ቆርቆሮውን የመታው እሱ ራሱ ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ቁልፎቹን ለሚስቱ አስረክቦ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ፣ በቃ። ተከራይ ማስገባት፣ ተከራይ መሸኘት፣ ኪራይ መጨመር፣ የተሰበረውን ማስጠገን፣ የተጣላውን ማስታረቅ የእሷ ነበር። እሱ ጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። አንዳንዴ "እነዚያ ሰዎች እንዴት ናቸው?" ቢላት "ደህና ናቸው፣ አንተን አያሳስብህ" ትለዋለች፣ እሱም አሳስቦት አያውቅም። እንዲህ ያለ ባል ምን ተሸክመውለት እንደኖሩ የሚያውቀው ሸክሙ ሲወርድበት ነው።

"ቆጠራ" የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የመኪና መለዋወጫ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያለ ብሎን ሁሉ መዝገቡ ውስጥ አለ፤ መዝገቡ ውስጥ ያለውም መደርደሪያው ላይ አለ። ጡረታ ሲወጣ ብርድ ልብስ ሸልመውት "ይኼ ከየትኛው ወጪ ነው የተገዛው?" ብሎ በመጠየቁ ስንብቱን የሳቅ አድርጎት ነበር። ሞኝ እንዳይመስላችሁ። የተጻፈ ነገር ወዲያው የሚገባው፣ ያልተጻፈ ነገር ግን የሚያደናግረው ሰው ነው። ሚስቱ ደግሞ ስለ ተከራዮቿ በሕይወት ዘመኗ አንዲት መስመር አልጻፈችም። ሁሉንም በልቧ ይዛ ኖራ፣ ሁሉንም በልቧ ይዛ ሄደች።

መጀመሪያ የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። እሑድ ጠዋት ኮፍያውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ። ግባ ቢሉት አልገባም፣ ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም። ሰባት ዓመት በግቢው የኖረ ጎልማሳ ነው። ሱቁ ውስጥ ወሬ ሲጀምር የደንበኛውን ግማሽ ጢም ይረሳል ይባልለታል። ጋሽ ቆጠራ ፊት ግን ምላሱ ተሳሰረ። እየተንተባተበ፣ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ሊለቅ መሆኑን ተናገረ። ለምን ቢባል "እንዲያው ነው ጋሼ" አለ። ቤቱ የጎደለው ነገር እንዳለ ቢጠየቅ ምንም አለ። ኪራዩ ከብዶት እንደሆነ ቢጠየቅ ኧረ በፍጹም አለ። ከዚያ፣ ሊወጣ ሲል፣ ጎረቤቱ ጫማ አዳሹም እንደሚለቅና "አንተው ንገርልኝ" እንዳለው አክሎ፣ ጀርባውን ላለመስጠት ወደ ኋላው እየተራመደ ሄደ።

ጋሽ ቆጠራ ግራ ገባው። ሰባት ዓመት የኖረ ሰው "እንዲያው" ብሎ አይለቅም። ዘጠኝ ዓመት የኖረ ጫማ አዳሽ ደግሞ መልቀቂያውን በሰው አይልክም። ነገሩን ከዚህም ከዚያም ቢያገላብጠው አልጨበጥ አለው። ግቢው ውስጥ ሲወጣ ሲገባ ያየውን ማስታወስ ጀመረ። እሱ ብቅ ሲል ሬዲዮ ይቀነሳል። በሦስተኛው ክፍል የምትኖረው የነርሷ ልጅ፣ ያቺ የአምስት ዓመቷ ሕፃን፣ ኳሷን ጥላ ከበር ኋላ ትደበቃለች። ሦስት ወር ሙሉ ሐዘኑን አክብረውለት መስሎት ሲመርቃቸው ነበር።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ጡረታው ወሩን አጋምሶ ይተወዋል፣ የቀረውን የሚሞሉት እነዚህ ሦስት ክፍሎች ናቸው። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለች፣ አባዬ ብቻህን አትችለውም፣ ይሸጥና እኛ ጋ ና ትለዋለች። ባሏ ደግ ሰው ነው። ቤታቸው ግን ሁለት ክፍል ነው፣ ለአባዬ የታሰበለት ቦታም ሳሎን ውስጥ ያለው ሶፋ ነው። ጋሽ ቆጠራ ከሚስቱ ጋር የሠራውን ቤት ሸጦ በሰው ሶፋ ላይ ማርጀት አልፈለገም። ክፍሎቹ ባዶ ከቀሩ ግን ልጁን በምን አፉ ይመልሳታል?

ስለዚህ ምክር ፍለጋ ወጣ። ምክር ደግሞ እንደ አከራይ ምክር የሚረክስ የለም፤ ቤት ያለውም ይመክራል፣ ቤት የሌለውም ይመክራል።

መጀመሪያ የሄደው የሚስቱ ወንድም ጋ ነው። የሚስቱ ወንድም ሁለት ቤት ያከራያል፣ ሦስተኛውን ለመግዛት ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ሲዘጋጅ የኖረ ሰው ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለውን ተረት በነገር ሁሉ መሐል ያስገባዋል። ጋሽ ቆጠራን ካዳመጠ በኋላ ራሱን ነቀነቀ። እህቱ ነፍሷን ይማረውና ሥራውን በለሆሳስ ይዛው እንደነበር፣ ውል የሌለው ተከራይ ቤተ ዘመድ እንጂ ተከራይ እንዳልሆነ አስረዳው። ውል ጻፍ አለው። ገብተህ እይ አለው። ከዚያ ጋሽ ቆጠራን ልቡን የነካውን ነገር ተናገረ፦ "ሲገባ ያልተመዘገበ፣ ሲወጣ አይጠየቅም።"

ይኼ ነው ነገር! ጋሽ ቆጠራ ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው ቋንቋ ሲነገር ሰማ። መጋዘን ውስጥ ሰው ሲለወጥ መጀመሪያ የሚደረገው ቆጠራ ነው። ቆጠራ ደግሞ ሰውን መጠርጠር አይደለም፣ ሰውን መጠበቅ ነው፤ የተቆጠረለት ሰው በሌላው ጉድለት አይጠየቅም። እንዲያውም ያለ ቆጠራ መረከብ ነው ስድቡ። በማግስቱ ባለ ዓምድ መዝገብ ገዛ፣ በማስመሪያ አሰመረ፣ "ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ሁኔታ" ብሎ ጻፈ፣ እስኪርቢቶውን ደረቱ ላይ ሰካና የነርሷን በር አንኳኳ። እሷ ገና ልልቀቅ አላለችም ነበር። ከእሷ መጀመሩ ለዚህ ነው፣ የቀረችው ተከራይ በደንብ ትያዝ ብሎ።

ነርሷ በሩን ስትከፍት ፊቷ ልውጥ አለ። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ በወር ሦስትና አራት ቀን ብቻ ነው የሚታየው፤ ብቻዋን ናት። ጋሽ ቆጠራ መዝገቡን አሳይቷት "ለአንቺው ብዬ ነው" አላትና ገባ። አምፖል አንድ፣ የሚሠራ። ማብሪያ ማጥፊያ አንድ። ሶኬት ሁለት፣ አንዱ የላላ። የመስኮት መስታወት አራት፣ አንዱ የተሰነጠቀ። የበር እጀታ አንድ። ግድግዳው ላይ ምስማር ሰባት። ምስማሮቹን የመታቻቸው እሷ መሆኗን፣ ካስፈለገ እንደምትነቅላቸው በቀጭን ድምፅ ብትነግረው "ግድየለም" አለና ከጎኑ "የተከራይ" ብሎ ጻፈ። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ዓይኗን አትነቅልም።

በዚህ መሐል ከአልጋው ሥር አንድ ነገር ሚያው አለ። ነርሷ ሳለች። እንደገና ሚያው አለ፣ እሷም እንደገና ሳለች። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ጋሽ ቆጠራ ግን ክፍል ውስጥ ያለን ነገር መዝለል አይችልም፣ ተፈጥሮው አይደለም። ጎንበስ ብሎ አየና ተቃንቶ፣ ከምስማሮቹ ቀጥሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ "ድመት፣ አንድ፣ ሁኔታዋ ደህና" ብሎ መዘገበ። ነርሷ ግድግዳውን ተደገፈች። እሱ "በርቺ" ብሎ ወጣ፣ ሥራው ያማረ መስሎት።

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ "ጋሼ፣ ስንት ቀን ይሰጡኛል?" አለችው።

"ለምኑ?"

"ለመውጣቱ።"

ኧረ ማን ውጪ አለሽ ቢላት "አይ፣ ገብቶኛል" አለች። የገባት ምን እንደሆነ ግን ለእሱ አልገባውም። ጠዋት ሁለት ተከራይ ብቻ ነበር የሚለቅበት፣ አሁን ሦስት ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ደላላው መጣ። ማን እንደነገረው አይታወቅም፤ ደላላ ባዶ ቤት ይሸተዋል። ጠዋት በጥርስ መፋቂያ፣ ከሰዓት በኋላ በሦስት ስልክ የሚሠራ ረጅም ሰው ነው። ግቢውን ዞረና የውጩን ግድግዳ ባውራ ጣቱ ፍቆ ቀለሙን ሲያራግፍ፣ ሰው ቤት የሚከራየው ገና ከበሩ ሳይገባ በዓይኑ ነው ብሎ አስረዳ። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ አስጠግን፣ መስታወቱን ቀይር፣ ግድግዳውን ቀባ፣ አንድ ወር ባዶ የሚያድር ክፍል የዓመቱን ትርፍ ይዞ ይሄዳል አለው። ምክሩ መጥፎ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር የሚስቱ ወንድም ምክርም መጥፎ አልነበረም። ልክ የሆነ ምክር ሁሉ ለሁሉም ሰው በሁሉም ሰዓት ልክ አይሆንም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ጋሽ ቆጠራ ቧንቧውን ራሱ ጠገነው። የነርሷን መስታወት ለክቶ አስቆርጦ ገጠመ። አራት ቀን መሰላል ላይ ተሰቅሎ የሦስቱንም ክፍሎች ፊት የቅቤ ቀለም ቀባ። እግረ መንገዱን ተከራዮቹ አይተው ልባቸው ይመለስ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው። እነሱም አዩ። ፀጉር አስተካካዩ ከታች ሆኖ መሰላሉን እየያዘለት "ለሚገቡት ሰዎች ያምራል ጋሼ" አለ፣ በሐዘን። ነርሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲንጠባጠብባት የኖረውን ቧንቧ ደረቅ ሆኖ ስታየው ዓይኗ እንባ ሞላ። እኛ ስንወጣ ነው የተጠገነው ማለት ነው አለች ለፀጉር አስተካካዩ፣ ጋሽ ቆጠራ ይሰማል ብላ አይደለም። ሰምቷል። መሰላሉ ላይ ሆኖ ብሩሹን እንደያዘ፣ የጠገነ ሰው እንዴት በመጠገኑ እንደሚጠላ ሊገባው አልቻለም። የሰበረ እንደሚጠላ ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ነርሷ ዕቃ ማሰር ጀመረች። ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ የመጋረጃው ብረት ግን አልፈታ ብሏት ነበርና ጋሽ ቆጠራ መፍቻ ይዞ መጣ። ወንበር ላይ ቆሞ አንዱን ብሎን እንደፈታ እጁ ቆመ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሲዞር የከረመው ግን ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ነበር። ከወንበሩ ወረደ።

"ልጄ፣ ለሰው አልናገርም። ምን በድያችሁ ነው?"

ነርሷ ልትዋሽ አሰበች፣ ፊቷ ላይ ታየ። ከዚያ ደከማትና ሁሉንም ዘረገፈችው። እትዬ በሕይወት እያሉ ችለው እንደኖሩ ነገረችው፣ እትዬ መሐል ገብተው ስለሚለምኑላቸው። ኪራይ ሲጨመር፣ እትዬ እያለቀሱ ነበር የሚነግሯት፦ እኔስ ባይጨመር ደስ ይለኛል፣ እሱ ነው አሻፈረኝ ያለ። እህቷ ለሁለት ሳምንት ልትመጣ ስትል፣ እኔስ ትምጣ ባይ ነኝ፣ እሱ እንግዳ አይወድም። ቧንቧውን ጠይቃ ነበር፣ እሱ ይሁን ሳይል አይጠገንም ተባለ። ድመት ላስገባ ብላ ጠይቃ ነበር፣ እሱ እንኳን ድመት ሰውም አይወድ ተባለች። ያን ጊዜ ድመቷን በድብቅ አስገባቻት። እትዬ አውቀው ዝም አሉ፣ እሱ እንዳያይ ብቻ ተጠንቀቂ አሉ። ግቢው ውስጥ እሱን "አይሆንም" ብለው እንደሚጠሩት፣ ልጅቷም እውነተኛ ስሙ እንደሚመስላት ተናግራ ይቅርታ ጠየቀች። "እና እትዬ ሲሞቱ" አለች፣ "ደጓ ሄዱ፣ እኛ ከማን ጋር ቀረን ተባባልን።"

ጋሽ ቆጠራ በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀመጠ።

ድመት ይወዳል። የነርሷን እህት አይቷት አያውቅም። ስለ ቧንቧው አንድ ቀን የነገረው ሰው የለም፣ ቢነገረው ኖሮ መጋዘን ሙሉ የማጥበቂያ ጎማ ነበረው። ኪራይ ሲጨመር ሚስቱ "ትንሽ ትንሽ በየዓመቱ ይሻላል፣ አንድ ጊዜ ከተቆለለ ይደነግጣሉ" ስትል ሰምቷት "እንዳልሽ" ነው ያለው። ታዲያ ስለ ማን ነው የምታወራው ይህች ልጅ? አሥራ አራት ዓመት በእሱ ስም፣ በእሱ ቤት፣ እሱን የማይመስል ክፉ ሰው ሲኖር እሱ የት ነበር? ተናደደ። ወዲያው ደግሞ የሚናደድባት ሰው እንደሌለች ትዝ አለው። ከዚያም፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሳቁ መጣና በሳል ሸፈነው።

ሳቁን ያመጣው ትዝታ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ያለቀ ሰሞን ሚስቱ ፈርታ ነበር። እኔ ሰው ሲለምነኝ አልችልም፣ አልቅሰው ቤቱን በነፃ ይወስዱታል አለችው። እሱም በሊቅነት ስሜት እግሩን አነባብሮ መከራት። አንቺ እምቢ አትበይ፣ እምቢ የሚል ሌላ ሰው ይኑርሽ። እኔ መጋዘን ዕቃ ያለ ደንቡ ሲጠይቁኝ መቼ እምቢ እላለሁ? "እኔስ በሰጠሁህ፣ ሥራ አስኪያጁ አልፈረሙም" ነው የምለው። ሥራ አስኪያጁን ይረግሙታል፣ ከእኔ ጋር ሻይ ይጠጣሉ። ይህን ብሎ ሁለቱም ሳቁ። ሥራ አስኪያጅ አድርጋ የምትሾመው ማንን እንደሆነ ግን አልጠየቃትም ነበር። ከመካሪዎቹ ሁሉ ምክሩ በትክክል የሠራለት እሱ ራሱ ኖሯል።

ነርሷ አለመቆጣቱን አይታ ድፍረት አገኘች። አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። ይህችን ነገር አምስት ዓመት ሆዷ ውስጥ ይዛት ኖራለች።

"ልጄ በተወለደች ሰሞን፣ ወይ ዝም ታሰኛት ወይ ትውጣ ብለዋል። እትዬ ሌት ተቀን ለምነው ነው ያስተዉዎት። እውነት ነው?"

ጋሽ ቆጠራ ያን ሰሞን እንደ ድንጋይ ተኝቶ ነበር የሚያድረው። የሕፃን ለቅሶ ሰምቶ አያውቅም። እንቅልፍ የማይወስዳት ሚስቱ ነበረች። በሌላ በኩል ደግሞ ነርሷን ምጥ ሲይዛት እጇን ይዛ ያደረችው፣ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷው ናት። ሁለቱም እውነት ነው። አንዲት ሴት እንዴት ሁለቱንም እንደሆነች ለማሰብ ሞከረና አቃተው። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ ነበር። አላልኩም ቢል ይድናል፣ ስሙ ይጸዳል፣ ተከራዮቹም ምናልባት ይቀራሉ። ሚስቱ ግን መልስ በማትሰጥበት ቦታ ሆና ውሸታም ትባላለች። ይህች ልጅ እንደ እናት የቀበረቻት ሴት ሌላ ሰው ትሆንባታለች።

"ብያለሁ" አለ። "ብያለሁ ልጄ። ተሳስቼ ነበር። ይቅር በይኝ።"

 ድመቷስ አለች ነርሷ። ድመቷማ ተመዝግባለች፣ ወዴት ትሄዳለች አላት። ልጅቷ ከበሩ ኋላ ብቅ አለች። ነርሷም ገመዱን ከፍራሹ ላይ መፍታት ጀመረች፣ እሱም ተነስቶ የፈታውን ብሎን መልሶ አጠበቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲሄድ ነገሩ ቀለል ብሎት ነበር። እሱ ደግሞ አንድ መቶ ጥያቄ ነበረው። ግቢ ውስጥ ጓደኞቹን እንዳያስተካክል የከለከሉት? ብያለሁ። ሙዚቃውን ቀንስ ያሉት? ብያለሁ። በሩ ላይ አምፖል እንዳይሰቀል? እሱንም ብያለሁ፣ ይቅርታ። አምፖሉ እንኳ ምን እንዳደረገው አይገባውም፤ ግን አንዴ ገብቶበታል። ፀጉር አስተካካዩ የጠየቀውን ሁሉ የሚያምን ሰው አጋጥሞት ስለማያውቅ በመጨረሻ ራሱ አፈረ። ኧረ ጋሼ ሰው ሲያረጅ ይሻሻላል ማለት ነው አለና መስታወቱን መልሶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ጋሽ ቆጠራ ሲወጣ ትንሽ ኩራትም ተሰማው። ያላደረገውን ኃጢአት የሚናዘዝ ሰው እግሩ መሬት አይነካም።

የቀረው ጫማ አዳሹ ነበር። ጫማ አዳሹ የሚሠራው ከግቢው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ በአራት እንጨት ላይ በተወጠረ ላስቲክ ሥር ነው። ዕድሜው ከጋሽ ቆጠራ ጋር እኩያ ነው። ጋሽ ቆጠራ ሥራ በነበረበት ዘመን ጠዋት ጠዋት ከበሩ ወጥቶ በዚያ ሲያልፍ "አየር አገኘህ አይደል?" እያለ ይቀልድበት ነበር። ጫማ አዳሹም ከመዶሻው ቀና ሳይል "እግዜር ይመስገን" ይለዋል። አሁን መንገዱን ተሻግሮ የደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀመጠና፣ ሁለት ጊዜ የተሳካለትን ንግግር ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ። በእኔ ምክንያት ያዘናችሁበት ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ አለ። ምን እንዳልኩ ንገረኝና ይቅርታ ልጠይቅህ አለ።

ጫማ አዳሹ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። የእሱ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ያ መዶሻ ወይ ይቁም ወይ ይውጣ ብለዋል" አለ።

ጋሽ ቆጠራ አፉን ከፈተ፣ "ብያለሁ" ሊል። ግን ትዝ አለው። ብሏል እኮ። በእርግጥ ብሏል። ጫማ አዳሹ በገባ በሁለተኛው ወር፣ አንድ እሑድ፣ ጥርሱን አሞት ትራስ ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ተኝቶ ሳለ፣ ከጀርባ ክፍል ኳ ኳ ኳ ሲል፣ በእነዚሁ ቃላት ሚስቱ ላይ ጮኾ ነበር። ያን ጊዜ ሚስቱ ምንም አልጨመረችም። የተባለውን ወስዳ እንዳለ ለጫማ አዳሹ ነገረችው። ጥርሱ በማግስቱ ተነቀለ፣ እሱም ረሳው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ እሱ ግን ወለም ማለቱን እንኳ አላወቀም ነበር። ዘጠኝ ዓመት። በክረምት ላስቲኩ ውሃ ሲያቁር፣ በበጋ አቧራው ሲነሳ፣ ይህ ሰው ኪራይ የሚከፍልበት ክፍል ከመንገዱ ማዶ እያለው እዚህ ተቀምጧል። እሱ ደግሞ በየጠዋቱ አየር አገኘህ ወይ እያለ አልፏል።

ይቅርታው አልወጣ አለ። ያላለውን ሲናዘዝ እንደ ውሃ የፈሰሰው ምላስ፣ ያለውን ሲደርስበት ተጣበቀ። የቀድሞዎቹ ይቅርታዎች ዋጋ እንዳልነበራቸው፣ ወይም ነበራቸውና ይኼኛው ሌላ ነገር እንደሆነ፣ የትኛው እንደሆነ አልለይ አለው። 

"ረስቼው ነበር" አለ በመጨረሻ። "ጥርሴን አሞኝ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እሷ አይደለችም። ይቅር በለኝ። ግባና ሥራ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀጥቅጥ።"

ጫማ አዳሹ ሚስማር ከአፉ አወጣና ጫማው ላይ አቆመው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣው ከብዙ ዓመት በፊት ያለቀ ይመስላል።

"ይቅርታዎን ተቀብያለሁ" አለ። "ዕቃዬን ግን አስሬያለሁ። አዲሷ አከራዬ አሮጊት ናቸው፣ ጆሯቸውም ብዙም አይሰማም።"

ጋሽ ቆጠራ ይሳቅ ወይም ያልቅስ አላወቀም። ጫማ አዳሹ ሚስማሩን መታ፣ ጫማውን ጨረሰና መሣሪያዎቹን በሳጥኑ ከተተ፣ መቀጥቀጫ ብረቱንም ጨመረበት። ሳጥኑ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ጋሽ ቆጠራ በአንድ በኩል ያዘለት፣ መኪና እስኪያልፍ ጠበቁና መንገዱን አብረው ተሻገሩ።